ባለጫማው ፊደል

በመሥሪያ ቤቷ በስሟ የሚጠራት ሰው አልነበረም። «ሚሊሜትር» ነበር የሚሏት። ስሙ የወጣላት ሥራ በጀመረች ሰሞን ነው። አለቃዋ ቢሮው ግድግዳ ላይ ያሰቀለውን ሥዕል በሩ ላይ እንደቆመች አየችና «ወደ ግራ አዘንብሏል» አለች። አለቃው ስቆ ማስመሪያ አስመጣ። ሲለካ እውነትም አዘንብሏል፤ ያውም ጥፍር በማይሞላ። ከዚያን ቀን ወዲህ ሚሊሜትር ሆና ቀረች። የተከፋች ትመስል ነበር እንጂ አልተከፋችም። ሰው በሚኮራበት ነገር ቅጽል ስም ሲወጣለት አፉ ቢያጉረመርምም ሆዱ ይስቃል።

ሥራዋ ፊደል መሣል ነው። ይህን ስትናገር ሰው ግራ ይገባዋል። «ፊደል ድሮ ተሠርቶ ያለቀ ነገር አይደለም እንዴ?» ይሏታል። አላለቀም። እናንተ መጽሐፍ ገልጣችሁ ስታነቡ፣ የእያንዳንዱ ፊደል አንገት የት ጋ እንደሚታጠፍ፣ ሆዱ ምን ያህል እንደሚነፋ፣ ከጎረቤቱ ምን ያህል ርቆ እንደሚቆም አንድ ሰው ቁጭ ብሎ ወገቡ እስኪቆረጥ አስቦበታል። የሥራው ክፋት ደግሞ ጥሩ ሲሆን ማንም አያየውም። የሚታየው ሲበላሽ ብቻ ነው።

ሙያው ውስጥ የከተቷት አጎቷ ናቸው። እናቷ ስትሞት ገና ነፍስ አላወቀችም ነበር፤ አጎቷና ሚስታቸው ልጅ አልነበራቸውምና ወስደው እንደ ልጃቸው አሳደጓት። አጎቷን «ጋሼ»፣ ሚስታቸውን «እትዬ» እያለች አደገች። ጋሼ ዕድሜያቸውን የጨረሱት ማተሚያ ቤት ውስጥ በፊደል ለቃሚነት ነው፤ ከእርሳስ የተሠሩ ፊደሎችን ከመሳቢያ እያነሡ በእጃቸው መስመር በመስመር ሲደረድሩ። እሳቸውም ከቅጽል ስም አላመለጡም። የማተሚያ ቤቱ ሰው ሁሉ «ጫማ ሰፊው» ይላቸው ነበር።

ነገሩ እንዲህ ነው። ማተሚያ ቤቱ ውስጥ ሁለት ዓይነት ፊደል ነበር። አንደኛው አዲሱ ነው፤ ጫፉ ቁርጥ ያለ፣ ከላይ እስከ ታች እኩል የወፈረ። እሱን «ባዶ እግሩ» ይሉታል። ሌላው አሮጌ ነው። የዚህኛው መስመር ሁሉ ጫፉ ላይ ትንሽዬ ተረከዝ አለችው፤ ስለዚህ «ባለጫማው» ተባለ። ጋሼ ለባለጫማው ነፍሳቸውን ይሰጣሉ። «ባዶ እግሩን የሚሄድ ፊደል እስከ ሱቅ ያደርስሃል» ይሉ ነበር፤ «ለረጅም መንገድ ግን ጫማ ያስፈልጋል።» ይህንኑ ለአዲስ ሠራተኛ፣ ለደንበኛ፣ ለቀለም ሻጩ ሳይቀር ሲደጋግሙት ስሙ ተለጠፈባቸው። አንድ ጊዜ ስማቸውን በሰፈር የሰማ አዲስ ጎረቤት የተቀደደ ጫማውን ይዞ በራቸውን አንኳኳ። ጋሼ ትንፍሽ ሳይሉ ተቀበሉት፤ ሰውየው ሳያያቸው ወጥተው አሰፍተው መለሱለት። ሰውየው እስከ ዛሬ ድረስ በጫማ ሰፊነታቸው እንደተደነቀ ነው።

ባለጫማው በእርግጥም የሚወደድ ፊደል ነው። ብዕር ያስታውሳል። ሰው ብዕሩን ጋደም አድርጎ ሲጽፍ መስመሩ እንደሚወፍርና እንደሚቀጥነው፣ እሱም እንደዚያው ነው፤ ግን ውፍረቱና ቅጥነቱ አይጣሉም፣ አንዱ ቀስ ብሎ ወደ ሌላው ያልፋል። ክቡ ሁሉ ትንሽ ወደ ኋላ ጋደል ይላል፤ ወንበሩን ተደግፎ ጨዋታ እንደሚሰማ ሰው። ተረከዞቹ ዐይንን ከፊደል ወደ ፊደል እያሻገሩ ይወስዱታል፤ አንባቢው ሳይታወቀው መስመሩ ያልቃል፣ ገጹ ያልቃል፣ ቀኑ ይመሻል። ለመንገድ ምልክት አይሆንም። ለቅናሽ ሽያጭ ማስታወቂያም አይሆንም፤ መጮህ አያውቅበትም። ረጅም ትረካ ስጡት፣ የሰው ሕይወት ስጡት፤ ያኔ ነው የሚያምርበት።

አንድ ነገር ግን አለ፤ የሚሊሜትር መከራም የመጣው ከሱ ነው። በእርሳስ ዘመን ፊደል በየመጠኑ ለየብቻ ይቀረጽ ነበር። ለርዕስ የሚሆነው ትልቁ ቀጭን፣ መለሎ፣ ቁንጅናው ከሩቅ የሚጣራ ነው። ለመጽሐፉ ውስጥ የሚሆነው ትንሹ ግን መልኩ ትልቁን ይምሰል እንጂ ሌላ ሰው ነው። ሲያንስ እንዳይጠፋ ተብሎ ወፈር፣ ሰፋ ተደርጓል፤ ሆዱም ከፈት ብሏል። አጉልተው ቢያዩት ድንቡሽቡሽ ያለ፣ ብዙም የማያጓጓ ነገር ነው። ሚሊሜትር ይህን አሳምራ ታውቃለች። ተምራዋለች፤ በፈተና መጥቶላትም በትክክል መልሳዋለች።

የምትሠራበት አሳታሚ ድርጅት የድሮ የትረካ መጻሕፍትን እንደገና ላሳትም ብሎ ሲነሣ፣ ፊደሉም የድሮው ይሁን ተባለ። ባለጫማው ግን መጋዘን ውስጥ በእርሳስ ነው እንጂ ኮምፒውተር ላይ የለም። አንድ ሰው እያየ እንደገና ሊሥለው ነው። ሥራው ለሚሊሜትር ሲሰጣት ልቧ ጮቤ ረገጠ። በዚያው ቀን ጋሼ ቤት ሄዳ አበሰረቻቸው። ጋሼ አፋቸውን ከፍተው ሰሟት፤ ከዚያ ተነሥተው መደርደሪያቸው ላይ ያሉትን፣ በገዛ እጃቸው የለቀሟቸውን መጻሕፍት አንድም ሳያስቀሩ ካርቶን ውስጥ ከተቱላት።

«እያመሳከርሽ ሥሪ» አሏት። «ስትጨርሺ ትመልሽልኛለሽ።»

«ዛሬ ነገ ሳልል፣ ጋሼ!»

ካርቶኑ ጠረጴዛዋ ሥር ገባ፤ እዚያው ቀረ። እሷ ከመጋዘን ትልቁን የርዕስ ፊደል አስወጥታ እሱ ላይ ወደቀች። መውደቅ ማለት ይህ ነው፤ ምሳዋን እየረሳች፣ ስልክ እየጠሯት ሳትሰማ። የእያንዳንዷን ተረከዝ ጥምዝ በአጉሊ መነጽር እያየች ገለበጠች። ትንሹንም ለብቻው መሣል እንዳለባት አልረሳችም። «በኋላ» አለች። ድንቡሽቡሹን ማን ይቸኩልለታል? ኮምፒውተር ደግሞ መጥፎ አመል አለው፤ ትልቁን አሳንስልኝ ሲሉት እሺ ብሎ ቁጭ ያደርገዋል። የትልቅ ሰው ኮት በእጥበት ቢሰበሰብ ለሕፃን ልክ ይሆናል እንደማለት ነው። አለቃዋ በሩን ገርበብ አድርጎ «ደረሰ?» ሲላት፣ ትልቁን አሳንሳ «ደርሷል» አለችው።

የመጀመሪያው ገጽ ታትሞ ሲመጣ ሳሳ ያለ መስሏት ነበር። «ቀለም ቆጥበው ነው» አለች ለራሷ። ሥዕል ጥፍር በማይሞላ ማዘንበሉ ከበር የሚታያት ሴት፣ ይህን በቀለም አሳበበች።

ለምረቃው ዕለት አዳራሹ ግድግዳ ላይ ፊደሎቹን ክንድ ክንድ አሳክለው ሰቀሏቸው። በዚያ መጠን ሲታዩ እውነትም ዐይን ያሳርፋሉ። ጭብጨባው ቀለጠ። ጋሼ ሙሉ ልብሳቸውን ለብሰው መጥተው ነበር፤ ወደ ግድግዳው ተጠግተው አንዷን ተረከዝ በጣታቸው ዳሰሷት። «ጫማቸውን አጥልቀዋል» አሉ። በዚያ ሁሉ ሰው ፊት ግንባሯን ሳሟት። እሷም እዚያች ቅጽበት ውስጥ ብትቀር አትጠላም ነበር።

መጽሐፉን ይዛላቸው ሄደች። የአንድ መንገደኛ ታሪክ ነው፤ ጋሼ በወጣትነታቸው ለቅመውታል፣ አሁን በእሷ ፊደል ታትሟል። እዚያ ቤት ከሰዓት በኋላ የንባብ ሰዓት ነበር። እትዬ ፊደል አልቆጠሩም፤ ጋሼ መስኮቱ ሥር ባለው ወንበራቸው ተቀምጠው ያነባሉ፣ እትዬ ሹራባቸውን እየሠሩ ይሰማሉ፤ መስማት ብቻም አይደለም፣ ከባለታሪኮቹ ጋር ይጣላሉ። «ይሄ ሰውዬ ምኑም አላማረኝ፤ ቀጥል እስቲ» ይላሉ። ጋሼ ጋዜጣ ከተዉ ቆይተዋል፤ በባዶ እግሩ ስለሚታተም ራሴን ያመኛል ብለው ወሬውን ከሬዲዮ ነው የሚሰሙት። መጻሕፍታቸው ከተወሰዱ ወዲህ ንባብ ተቋርጦ ስለነበር እትዬ አዲሱን መጽሐፍ ሲያዩ ሹራቡን ቶሎ አነሡ።

ጋሼ መነጽራቸውን ወልውለው ጀመሩ። አንድ መስመር ሄዱ። ሁለተኛው ላይ ቆሙ፣ ተመለሱ፣ እንደገና ጀመሩ። መጽሐፉን ወደ ብርሃኑ አዘነበሉት፤ ራቅ አደረጉት፤ አቀረቡት።

«ደመናው ነው» አሉ። ውጭ ፀሐይ ነበረች።

በሚቀጥለው ጊዜ ስትመጣ መጽሐፉ ተከድኖ መስኮቱ ላይ ተቀምጧል። እትዬ ሹራባቸው ላይ አቀርቅረዋል። ጋሼ አጠገባቸው አስቀምጠዋት ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ነገሯት።

«የአባቴ መጣብኝ።»

አባታቸው በስተርጅና ዐይናቸው ጠፍቶ ነው የሞቱት። ጋሼ እጃቸውን ይዘው ይመሯቸው ነበር። ዕድሜያቸውን ሙሉ ይህን አንድ ነገር ሲፈሩ ኖረዋል፤ ሚሊሜትርም ታውቃለች።

«ምናልባት…» አለች። «ምናልባት ኅትመቱ ይሆናል እኮ፣ ጋሼ።»

«አንቺ የሠራሽው?» ሳቁ። «አንቺን አላውቅሽምና ነው? በዐይኔ በብረቱ አየሁት እኮ፣ እዚያ ግድግዳ ላይ። ፊደልሽ እንከን የለውም። እንከኑ እኔ ጋ ነው።»

ቢሮዋ ስትመለስ ካርቶኑን ከጠረጴዛዋ ሥር ጎትታ የድሮውን የመንገደኛውን መጽሐፍ አወጣች፤ አዲሱን አጠገቡ ገልጣ አኖረችው። ብዙ ማየት አላስፈለጋትም። የድሮው ገጽ ጠቆር ብሎ ረግቶ ተቀምጧል፣ ያዙኝ አንብቡኝ ይላል። የእሷ ገጽ ግራጫ ነው፤ መስመሮቹ ከመቅጠናቸው የተነሣ ተረከዞቹ ጠፍተዋል፣ ሆዶቹ ተደፍነዋል። እሷ ራሷ ከጥቂት መስመር በኋላ ዐይኗን አሸች። ጋሼ ዐይናቸው ደህና ነው፤ ያለ ዕድሜው የጠፋው የእሷ ፊደል ነው።

ወዲያው ብድግ ብላ አለቃዋ ጋ ሄደች። ልትነግረው ነበር፤ በዚህ መጠርጠር የለባችሁም። እሱ ግን ገና ስታንኳኳ «ነይ፣ ነይ፣ ልልክብሽ ነበር!» አለና ሌሎቹም መጻሕፍት በዚሁ ፊደል እንደሚቀጥሉ፣ ከሌላ ቦታ ሁሉ እየደወሉ «ማን ነው የሠራው?» እንደሚሉ አወራላት። «ምን ልትይኝ ነበር?» አላት መጨረሻ ላይ።

«ምንም» አለች።

ከዚያ በኋላ የሠራችውን ማንም ልጠንቀቅ ያለ ሰው ይሠራዋል፤ መላ መታች። ትንሹን ፊደል አሁን በትክክል ትሥለዋለች። ድምፅ ሳታሰማ በመጀመሪያው ቦታ ትተካዋለች። ኅትመቱ ሲደገም አንዱን ለጋሼ ትወስድላቸዋለች፤ ያነባሉ፤ ዐይናቸው ተሻለው ይባላል፤ ሁሉም ሰላም ይሆናል። የማንም ስም አይነሣ፣ የማንም ፊት አይቅላ። የድሮዎቹን መጻሕፍት ግን እስከዚያ መመለስ አይቻልም። አንዱን ገለጥ ቢያደርጉ ያልቅላታል። መላው ሙልጭ ያለ ነበር፤ አንድ ጉድለቱ፣ ጋሼ በየቀኑ እየታወሩ መዋላቸው ነው።

እትዬ ሐኪም ቤት እንዲሄዱ ለመኗቸው፤ እምቢ አሉ። «ስሙን ብሰማው ምን ይጨምርልኛል?» አሉ። እትዬ ኩሽና ውስጥ ሚሊሜትርን ጥግ አስይዘው «አንቺን ይሰማሻል፣ ንገሪው» ብለው እጇን ጨበጡ። ሐኪም ካያቸው ደህና ነዎት ሊላቸው ነው። ከዚያ ጥያቄው ወዴት እንደሚዞር ለሚሊሜትር ግልጽ ነው።

«እትዬ፣ አይጫኑዋቸው» አለች። «ፍርሃቱ ይብስባቸዋል።»

ይህን ተናግራ የራሷን ድምፅ ስትሰማ ተጸየፈችው። እትዬ ግን አመኗት፤ «ልክ ነሽ፣ አንቺ ትሻያለሽ» ብለው እንባቸውን በመቀነታቸው ጫፍ ጠረጉ።

ጋሼ ደግሞ ቁጭ ብሎ መከራን የሚጠብቅ ሰው አይደሉም። ዕውርነትን እንደ ሥራ ያዙት። አንድ ከሰዓት በኋላ ስትገባ ዐይናቸውን በሻሽ አስረው፣ ግድግዳውን እየዳበሱ ከመኝታ ቤት ወደ ሳሎን ሲመጡ አገኘቻቸው። ከጠረጴዛው ተጋጩ፣ ሰደቡት፣ አለፉ። ሻይ ራሴ ካልቀዳሁ ብለው ግማሹን በብርጭቆው ግማሹን በጣታቸው ላይ አፈሰሱት። «ሳይመሽብኝ ልልመደው» አሉ፤ እንደ ቀልድ። እትዬ ፊታቸውን አዞሩ።

ከአልጋቸው እስከ መጸዳጃ ቤት ድረስ በግድግዳው ላይ ገመድ እንዲወጠርላቸውም ፈለጉ። ሚስማሩን ማን ይምታ? እትዬ እጃቸው አይጠናም። ጋሼ ዐይናቸው ታስሯል። ሚሊሜትር መዶሻውን አነሣች። አንዱን ሚስማር መትታ ወደ ሌላው ስታልፍ ጋሼ ከኋላዋ በጣታቸው እየዳሰሱ ይከተሏት ነበር።

«ቀጥ ብሏል?» አሉ።

«ቀጥ ብሏል።»

«መቼም አንቺ የወጠርሽው!» አሉ፤ እንደ ትልቅ ነገር ደስ ብሏቸው።

ገመዱ በእርግጥ ውልፍት አላለም። ወደ ቤቷ ስትሄድ መንገድ ላይ ቆማ አለቀሰች። ማልቀስ ምን ዋጋ አለው? በማግስቱ እንባዋን ጠርጋ ትንሹን ፊደል ስትሥል ዋለች፤ አፏን ግን አልከፈተችም። ሥራው ደግሞ እንደ ልብ አይሄድም። የሚሣለው ብዙ ነው፣ የሚታረመው ብዙ ነው፤ እሷም እጇ ላይ የነበረው ድፍረት ጠፍቶ አንዷን መስመር ደጋግማ ትሠርዛለች።

ጋሼ አንድ ቀን የካርቶኑን ነገር አነሡባት። መልሺልኝ ሊሏት ነው ብላ ፈራች።

«እነዚያን መጻሕፍት አትመልሽልኝ» አሏት። «እዚህ ቢመጡ አንጀቴን ያሳርሩኛል። የአንቺ ይሁኑ።»

«አመሰግናለሁ፣ ጋሼ» አለች። አመሰገነች! ከአፏ የወጣው ቃል ያ ነው። ከሠራችው ሁሉ ከዚህ የባሰ አልነበረም፤ ያን ጊዜም ታውቀው ነበር።

መጨረሻ ላይ ነገሩን ያቻኮለው ደረጃው ነው። የሚኖሩት ፎቅ ላይ ነው፤ ደረጃው ጠባብና ገደላማ ነው። ጋሼ አሰቡበት፣ አወጡ አወረዱ፤ ዕውር ሰው እዚህ ወድቆ ነው የሚሞተው አሉ። ሌላ ከተማ ያለው የእትዬ ወንድም ምድር ቤት አለኝ፣ ኑ አላቸው። የነሱ ቤት ተከራይ ተገኘለት። እትዬ ከሙሽርነታቸው ጀምሮ የኖሩበት ቤት ነው፤ መስኮቱን ይወዱታል፣ ጎረቤቱን ይወዱታል፣ ከወንድማቸው ጋር ደግሞ ከድሮም ተስማምተው አያውቁም። ግን «አንተ የምትሄድበት እሄዳለሁ» ብለው ዕቃ መቋጠር ጀመሩ። የጋሼ የንባብ ወንበር ለጎረቤት ተሰጠ፤ ለዚያው ጫማ ላስሰፋው።

ሚሊሜትር ትንሹን ፊደል አልጨረሰችም። ተከራዩ ሊገባ አንድ ቀን ሲቀረው ቢሮዋ ውስጥ ተቀምጣ፣ ያላለቀውን ፊደል ፊት ለፊቷ እያየች፣ መላዋ ሁሉ ገለባ እንደነበረ ገባት። ተነሣች። ካርቶኑን አቀፈችና ወጣች። ኮሪደሩ ላይ ከአለቃዋ ጋር ፊት ለፊት ተገጣጠሙ።

«ወዴት ነው በሥራ ሰዓት?»

«ፊደሉ ተበላሽቷል» አለችው። «ትልቁን አሳንሼ ነው የሰጠሁህ። አይነበብም። ጥፋቱ የኔ ነው።»

«የቱ ፊደል?» አለ አለቃው፤ አፉ እንደተከፈተ።

«ነገ እነግርሃለሁ» ብላ አለፈችው። ወራት ሙሉ ያስጨነቃት ነገር በእንዲህ ያለ አጭር ጊዜ ተነግሮ አለቀ። ቀላል መሆኑ ይበልጥ አሳፈራት።

በሩን የከፈቱላት እትዬ ናቸው። ቤቱ ተራቁቷል። ልብሱና ሳህኑ ሁሉ በአንሶላ በአንሶላ ተቋጥሮ ወለሉ ላይ ተኮልኩሏል። ጋሼ መስኮቱ ሥር አንድ የእንጨት ሣጥን ላይ ተቀምጠው ዐይናቸውን ጨፍነዋል።

«ማነው?»

«እኔ ነኝ፣ ጋሼ። ዐይንዎን ይግለጡ።»

«ለምን ብዬ? በእግርሽ ኮቴ አውቄሻለሁ እኮ!» አሉ እየኮሩ።

ካርቶኑን አውርዳ የድሮውን መጽሐፍ ጉልበታቸው ላይ አኖረችላቸው። ጋሼ በእጃቸው ዳሰሱት፤ ጀርባውን፣ የተፈገፈገውን ጠርዙን። ፊታቸው ተለወጠ።

«መንገደኛው ነው። የኔው።» ቀጥለውም «አታምጪው ብዬሽ አልነበረም?» አሉ፤ ቅር ብሏቸው።

«ይግለጡትና ያንብቡልን።»

«አትቀልጂብኝ፣ ልጄ።»

«ለኔ ሲሉ፣ ጋሼ።»

ጋሼ ለእሷ ሲሉ የማያደርጉት ነገር የለም። መነጽራቸውን ከኪሳቸው አውጥተው አደረጉ፤ ገለጡ። ከዚያ ድምፃቸው መጣ፤ አንድ መስመር፣ ሁለት መስመር፣ አንድ አንቀጽ፣ ውኃ እንደሚፈስ። መንገደኛው ከቤቱ ወጣ፣ ወንዙን ተሻገረ፣ ዝናብ ያዘው። እትዬ የያዙት ድስት ከእጃቸው ወደቀ።

«አነበበ!» አሉ። «ኸረ አነበበ! ጉድ በሉ!» ወደ ሚሊሜትር ሮጠው ሁለት እጇን ያዙ፤ ጉንጯን፣ ግንባሯን፣ ያገኙትን ሳሟት። «እጅሽ ይባረክ! ምንድነው ያመጣሽለት? መድኃኒት አገኘሽለት? እኔ እኮ ብዬ ነበር፣ ይቺ ልጅ አትተወንም ብዬ ነበር!»

ጋሼ ማንበባቸውን አቆሙ። ከጎናቸው ካለው ቋጠሮ ውስጥ እጃቸውን ሰደው አዲሱን መጽሐፍ አወጡ። ሁለቱን ጉልበታቸው ላይ ጎን ለጎን ገልጠው አንዱን አዩ፣ ሌላውን አዩ። ዕድሜ ልክ ፊደል የለቀመ ሰው ናቸውና ረጅም ጊዜ አልፈጀባቸውም። ቀና ብለው ሚሊሜትርን ተመለከቷት።

ሚሊሜትር ዝም ብትል ነገሩ እዚያው ያበቃ ነበር። ጋሼ አያጋልጧትም፤ ይህን እንደ ስሟ ታውቃለች። እትዬ እስከ ዕድሜያቸው ፍጻሜ ባሌን ያዳነችልኝ ልጅ እያሉ ሲመርቋት ይኖሩ ነበር። እጆቿ አሁንም በእትዬ እጆች ውስጥ ናቸው፤ ሞቃት ናቸው፣ አይለቋትም።

«እትዬ፣ መድኃኒት አይደለም» አለች። «ዐይናቸው ምንም አልሆነም ነበር። እኔ የሠራሁት ፊደል ነው የማይነበበው። ቀጥኗል። ማንም ሰው አያነበውም።»

እትዬ ሳቁ። «ታዲያ ምን ችግር አለው! ሰው አይሳሳትም እንዴ? እኛ ደግሞ እኮ ለስንት…» አሉና ወደ ቋጠሮዎቹ ዞር አሉ። ከዚያ ወደ ግድግዳው፣ ወደ ገመዱ። ሳቃቸው ፊታቸው ላይ እንዳለ ቀዘቀዘ።

«መቼ ነው ያወቅሽው?»

ይህን ጥያቄ ከጋሼ ነበር የጠበቀችው። ለጋሼ የሚሆን መልስ አዘጋጅታ ነበር፤ ስለ አለቃዋ፣ ስለ አዲሱ ፊደል፣ ሊያልቅ ጥቂት እንደቀረው።

«መጽሐፉን ባመጣሁ ሰሞን።»

«ሚስማሩን ስትመቺ ታውቂ ነበር?»

«አውቅ ነበር።»

«ሐኪም ቤት እንዲሄድ ንገሪው ብዬ ስለምንሽስ?»

«አውቅ ነበር፣ እትዬ።»

እትዬ እጃቸውን ከእጆቿ አወጡ። አልተቆጡም፤ ቢቆጧት በወደደች። ወደሚቀርባቸው ቋጠሮ ሄደው ጎንበስ አሉ፤ ጉልበታቸውን እንደሚያማቸው እያወቁ ወለሉ ላይ ተንበረከኩና የአንሶላውን ጫፍ መፍታት ጀመሩ። ለረጅም መንገድ የታሰረ ስለሆነ ጠብቋል። ጣታቸው አልችል አለ።

ሚሊሜትር ሮጣ አጠገባቸው ተንበረከከች፤ እጇን ወደ ቋጠሮው ዘረጋች።

«ተይው» አሉ እትዬ፤ ቀና ሳይሉ። «ያሰርኩት እኔ ነኝ። እኔው እፈታዋለሁ።»

ቋጠሮውን በጥርሳቸው ያዙት።